ከፊክሱ በፊት ያለችው ባዶ ደቂቃ

የበረራ መለማመጃ ሲሙሌተር ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ መቀመጥ ደስ ይለኛል። እጅ ሥራ አይይዝም፣ ላብ አይመጣም። ሌላው ሲጨነቅ ቁጭ ብሎ ማየት ነው። አልፎ አልፎም በሆድ «እኔ ብሆን ኖሮ» እያሉ መፎከር ይቻላል፤ የሚሰማ የለም። ያን ቀን ከፊት ሁለት የሥልጠና ጓደኞቼ ነበሩ። ከአጠገቤ አሠልጣኛችን ካፒቴኑ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ላይ ግራጫ ደመና እንጂ ሌላ ነገር አይታይም። ቁልቁለቱን የሚያሳየው የሬዲዮ ጨረር፣ ግላይድስሎፑ፣ እንዳይሠራ ተደርጓል። ስለዚህ የማኮብኮቢያውን መስመር በሚያሳየው በሎካላይዘር ብቻ እየገቡ ነው። ግራ ቀኙን የሚነግራቸው አለ፤ ቁልቁለቱን የሚነግራቸው ግን የለም።

አገባባቸው ያምር ነበር። መርፌዋ መሐል ላይ ቀጥ ብላለች። ከፍታው ልክ ነው። ፍጥነታቸው 160 ኖት ነው፤ በሰዓት 160 ኖቲካል ማይል ማለት ነው። ርቀቱ እየቀነሰ ወደ ፋይናል አፕሮች ፊክስ፣ ማለትም የአፕሮቹ (ለማረፍ የሚደረገው አገባብ) የመጨረሻ ክፍል ወደሚጀምርበት ነጥብ፣ ቀረቡ። ልክ ፊክሱ ላይ ሲደርሱ ካፒቴኑ አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ሁሉም ነገር ባለበት ቆመ።

«ምን ቀራችሁ?» አሉ።

ጓደኞቼ ተያዩ። «ጎማ» አለ የሚያበረው። «ፍላፕ። የማረፊያ ቼክሊስት» አለች ከጎኑ ያለችው። (ፍላፕ በዝግታ ለመብረር ከክንፉ የሚዘረጋው ክፍል ነው።) ሰዓት ቆጣሪ ማስነሳት። ለታወር ተቆጣጣሪ መናገር። ፍጥነት መቀነስ። ቁልቁል መጀመር። ካፒቴኑ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር፤ አንድ እጅ አልበቃቸውም። አስተያየት አልሰጡም። አውሮፕላኑን 3 ኖቲካል ማይል ወደ ኋላ መለሱትና እዚያም አቆሙት።

«እዚህስ? እዚህ ምን እየሠራችሁ ነበር?»

ሁለቱም ዝም አሉ። በመጨረሻ እሷ «እየጠበቅን ነበር ካፒቴን» አለች።

«ምኑን?»

«ፊክሱን።»

ካፒቴኑ ሳቅ አሉና ወደ ሌላ ልምምድ ተሻገሩ። እኔን ግን ያቺ መልስ አልለቀቀችኝም። በ160 ኖት 3 ኖቲካል ማይል ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ምንም የማይሠራባት ደቂቃ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ከሚሠራባት ደቂቃ ጋር ጎን ለጎን ቆማለች ማለት ነው። እንዴት? ሁለቱም ጎበዞች ናቸው። ቻርቱን፣ የአገባቡን ካርታ፣ አጥንተው ነው የገቡት። ያጠፉት ሕግ አልነበረም፤ ፊክሱን በትክክለኛው ከፍታና በትክክለኛው መስመር ላይ ነው ያገኙት። ነገሩን ሳሰላስል የገባኝ፣ አብዛኞቻችን ፊክሱን እንደ ሩጫ ፊሽካ አድርገን መማራችን ነው። ፊሽካው እስኪነፋ ቆመን እንጠብቃለን። ከተነፋ በኋላ ነው ጫማችንን የምናስረው።

አንድ ወረቀት፣ ሁለት ፊክስ

ነገሩን ለማጣራት መጀመሪያ ያደረግኩት ቻርት መዘርጋት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከሚያሳትማቸው «አይኤልኤስ ወይም ሎካላይዘር» የሚል ርዕስ ያለውን አንዱን ወሰድኩ (አይኤልኤስ ማለት ሎካላይዘርና ግላይድስሎፕ አብረው ሲሆኑ ነው)። ገጹ ላይ አፕሮቹን ከጎን የሚያሳይ ሥዕል አለ። እዚያ ሥዕል ላይ ሁለት ምልክቶች አሉ። አንዷ የማልታ መስቀል ናት። ሌላዋ እንደ መብረቅ የተሰባበረች ቀስት ናት።

«ፋይናል አፕሮች ፊክሱ የት ነው?» ሲባል ብዙ ሰው ጣቱን መስቀሏ ላይ ያሳርፋል። ግማሽ መልስ ነው። መስቀሏ በሎካላይዘር ብቻ ለሚገባ ሰው ናት። ግላይድስሎፕ ላለው ሰው የመጨረሻው ክፍል የሚጀምረው መብረቋ ጋ ነው፤ በተጻፈው ከፍታ ላይ ሳይወርድ እየበረ ቁልቁለቱን የሚያገኝበት ቦታ። ሁለቱ ነጥቦች ሊቀራረቡ ይችላሉ፤ ሊራራቁም ይችላሉ። ወረቀቱ አንድ ነው። የትኛው የእኛ እንደሆነ የሚወስነው የምንከተለው መሣሪያ ነው። ግላይድስሎፑ መንገድ ላይ ከጠፋ ደግሞ ፊክሳችንም አብሮ ይቀየራል።

ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ነው። መስቀሏ መሬት ላይ የተተከለች ያህል ናት። አውሮፕላኑ ከፍ አለ ዝቅ አለ፣ እሷ አትነቃነቅም። መብረቋ ግን ከከፍታ ጋር የተሳሰረች ናት። ተቆጣጣሪው በቻርቱ ላይ ካለው ዝቅ ያለ ከፍታ ሰጥቶ «በዚህ ግባ» ካለ፣ በአሜሪካኖቹ ፍቺ መሠረት ፊክሱ ግላይድስሎፑን በትክክል ያገኘንበት ነጥብ ይሆናል። ስሌቱ ቀላል ነው። የ3 ዲግሪ ቁልቁለት በአንድ ኖቲካል ማይል 318 ጫማ ገደማ ይወርዳል። ከፍታችን በ500 ጫማ ዝቅ ከተደረገ፣ መገናኛው ወደ ማኮብኮቢያው አንድ ተኩል ኖቲካል ማይል ያህል ይጠጋል። በ120 ኖት ለሚበር አውሮፕላን የመጨረሻው ክፍል በ45 ሰከንድ ገደማ አጠረ ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንዲት የሬዲዮ ዓረፍተ ነገር። ፊክሱ ላይ ሊሠራ የታሰበ ሥራ ካለ፣ ያ ሥራ አሁን መሬት ይበልጥ በቀረበበት ቦታ ላይ ሊሠራ ነው።

ምንም ፊክስ የሌለው አፕሮችም አለ። ቪኦአር ወይም ኤንዲቢ የሚባለው መንገድ አመልካች የሬዲዮ ጣቢያ አየር ማረፊያው ግቢ ውስጥ ሲሆን ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ጣቢያው ላይ አልፈን እንሄዳለን፣ ዞረን እንመለሳለን፣ በመግቢያው መስመር ላይ ስንረጋ ቁልቁል መጀመር እንችላለን። ያቺን ነጥብ ማንም አልሣላትም። አዟዟራችንና ነፋሱ የወሰኗት ናት። ዛሬ እዚህ፣ ነገ ትንሽ ወዲያ። «ፊክሱን እንጠብቅ» የሚል ሰው እዚህ ምን እንደሚጠብቅ እንጃ።

ወለሉ እየቀረበ ሲመጣ

ፊክሱ እዚያ ለምን እንደተቀመጠ የገባኝ ከአብራሪው ወንበር ተነስቼ ከነዳፊው ወንበር ለማየት ስሞክር ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦ፣ አፕሮች ሲነደፍ የሚመራበት ሰነድ አለው። ቁጥሩ 8168 ነው፤ ሰዉ ፓንስ ኦፕስ ይለዋል። ደረቅ ሰነድ ነው፤ እንቅልፍ ለሚያስቸግረው ሰው እመክረዋለሁ። ግን ቁጥሮቹ ብዙ ይናገራሉ።

በአፕሮቹ የመጀመሪያ ክፍል ዋናው መስመር ላይ ከታች ካለው መሰናክል ቢያንስ 300 ሜትር ከፍታ ይጠበቅልናል። በመካከለኛው ክፍል 150 ሜትር ይሆናል። ፋይናል አፕሮች ፊክሱን ስናልፍ፣ ግላይድስሎፕ በሌለው አፕሮች 75 ሜትር ነው የሚቀረው። በየክፍሉ ግማሽ ይቀነሳል። ከደመና ውስጥ ሆኖ ይህ አይታይም፣ አይሰማም። መሣሪያው ላይ ያለው መርፌም ምንም አይልም። ከታች ያለው ወለል ግን ቀርቧል።

አንድ ቁጥር ደግሞ አለ፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ የተናገረኝ። ፊክስ በሌለው አፕሮች ላይ፣ የጠቀስኩት ጣቢያው ግቢ ውስጥ ያለበት ዓይነት ማለት ነው፣ የመጨረሻው ክፍል 75 ሳይሆን 90 ሜትር ይጠበቅለታል። 15 ሜትር ልዩነት። ከየት መጣች? ፊክስ ያለው ሰው የት እንዳለ ያውቃል፤ ስለዚህ ነዳፊው ወደ መሬት ትንሽ ሊያስጠጋው ይችላል። ፊክስ የሌለው ሰው በእርግጠኝነት አያውቅም፤ ስለዚህ ተጨማሪ ባዶ ቦታ ይሰጠዋል። 15ቷ ሜትር የቦታ እርግጠኝነት ዋጋ ናት። ታዲያ ፊክሱ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ፍላፕ ማንሻው ላይ፣ ጆሮው ሬዲዮው ላይ፣ እጁ ሰዓት ቆጣሪው ላይ የሆነ ሰው ያንን እርግጠኝነት በእውነት ይዟል? ከፍታውን አየ? ትክክለኛው ፊክስ መሆኑን አረጋገጠ?

ይኸው ሰነድ ስለ መካከለኛው ክፍል የሚለው ነገር ደግሞ አለ። የአውሮፕላኑ ፍጥነትና አቋም ለመጨረሻው ክፍል የሚዘጋጀው በዚህ ክፍል ነው ይላል። ለዚህም ሲባል ቁልቁለቱ በተቻለ መጠን ለጥ እንዲል ይደረጋል። እዚህ ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ያቺ ባዶ ደቂቃ በአጋጣሚ የተገኘች አይደለችም! አንድ ነዳፊ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ተራራና ማማ እየለካ፣ ለእኛ ብሎ ለጥ ያለ ቦታ አዘጋጅቷል። ጎማ አውርዱ፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ተረጋጉ ብሎ። እኛ ደግሞ ቁጭ ብለን ርቀት ስንቆጥር እናልፋታለን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት አውሮፕላን ሳይኖር የተተረተ ቢሆንም፣ ስለ መካከለኛው ክፍል ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም።

ማሽኑ እንኳ ከእኛ ይሻላል። ብዙዎቹ የጂፒኤስ መቀበያዎች በአፕሮች ላይ ፊክሱ ሊደርስ 2 ኖቲካል ማይል ሲቀር መለኪያቸውን ማጥበብ ይጀምራሉ። መርፌዋ ጫፍ ስትደርስ አንድ ኖቲካል ማይል ስተናል ማለት የነበረው፣ ፊክሱ ላይ ሲደረስ 0.3 ይሆናል። ለውጡ ከፊክሱ በፊት ተጀምሮ ፊክሱ ላይ ያልቃል። እዚያ ደርሶ መሣሪያው ወደ አፕሮች ሁኔታ ካልገባ መውረድ የለም። የአሜሪካ ተቆጣጣሪዎችም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ወደ ማኮብኮቢያው 5 ማይል ሲቀር ወይም ፊክሱ ላይ፣ ከሁለቱ ለማኮብኮቢያው የሚቀርበውን ካለፍን በኋላ የፍጥነት ትእዛዝ አይሰጡንም። ነዳፊው፣ መቀበያው፣ ተቆጣጣሪው፣ ሁሉም ከፊክሱ በፊት ሥራቸውን ጨርሰው ይጠብቁናል። ወደ ኋላ የቀረነው እኛ ብቻ ነን።

ጠርጥር

ፊክሱ ላይ አንድ ሥራ ግን የግድ መሠራት አለበት። ከፍታን ማየት። ግላይድስሎፕ ላይ ስንሆን በፊክሱ በኩል ስናልፍ በስንት ጫማ ማለፍ እንዳለብን ቻርቱ ይነግረናል። ከፍታ መለኪያው፣ አልቲሜትሩ፣ ከዚያ ጋር ካልተስማማ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ወይ ግላይድስሎፑ ሐሰተኛ ነው፤ ከእውነተኛው በላይ፣ ብዙ ጊዜ 9 ዲግሪ አካባቢ፣ እውነተኛ የሚመስል የውሸት መስመር ይገኛል። ወይ አልቲሜትሩ ከፍታን የሚያሰላበት የአየር ግፊት በስህተት ተሞልቷል። አንድ ሄክቶፓስካል ግፊት ወደ 28 ጫማ ይመነዘራል። በ10 ከተሳሳትን ወደ 280 ጫማ ነው፤ ከላይ ያልነው 75 ሜትር በጫማ 246 መሆኑን እያስታወስን።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር» ይባል የለ? ችግሩ መጠርጠር ብቻውን የማይበቃበት ቦታ መኖሩ ነው። የአይኤልኤስ ግላይድስሎፕ ከመሬት የሚላክ ጨረር ነው። አልቲሜትሩ ሲዋሽ ጨረሩ አብሮት አይዋሽም። ስለዚህ ፊክሱ ላይ ሁለቱን ስናነጻጽር ውሸታሙ ይጋለጣል። ግላይድስሎፕ በሌለው አፕሮች፣ ወይም መሣሪያው ራሱ በአየር ግፊት ላይ ተመሥርቶ ቁልቁለት በሚሠራበት አፕሮች ላይ ግን ቁልቁለቱ የሚወጣው ከዚያው አልቲሜትር ነው። ግፊቱ በስህተት ከተሞላ አልቲሜትሩም ቁልቁለቱም አንድ ላይ ይሳሳታሉ። ፊክሱ ላይ ስናነጻጽራቸው ፍጹም ይስማማሉ። ሁለት ምስክር ያቀረብን ይመስለናል፤ የመጣው ግን አንድ ሰው ነው፣ ሁለት ጊዜ።

ይህን ካወቅኩ በኋላ ፊክሱ ላይ ከፍታ ማየትን አልናቅኩም። ግፊቱን ግን ቀደም ብዬ፣ ጊዜ ሳለኝ፣ ከሁለት ምንጭ ማረጋገጥ ጀመርኩ። ይህም የዚያች ባዶ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከዚያም በፊት ቢሆን ይመረጣል።

የሰዓት ቆጣሪው ነገር ደግሞ በአጭሩ። ከፊክሱ ጀምሮ ሰዓት በመቁጠር የት ላይ ትተን መውጣት እንዳለብን የምናውቅበት አፕሮች ዛሬም አለ። ከፊክሱ 5 ኖቲካል ማይል ከሆነ በ90 ኖት 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ በ120 ኖት 2 ደቂቃ ተኩል ነው። እነዚህ የመሬት ፍጥነቶች ናቸው፤ ነፋስ ያበላሻቸዋል። በ120 ኖት ቁልፉን 15 ሰከንድ ዘግይቶ የተጫነ ሰው፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ግማሽ ኖቲካል ማይል አልፏል። 15 ሰከንድ ደግሞ ጎማ፣ ፍላፕና ሬዲዮ በአንድ ጊዜ ሲመጡ በቀላሉ ትጠፋለች።

1800 ጫማ

ስለ ፊክስ ሳስብ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ አንድ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 1974፣ የአሜሪካው አየር መንገድ የቲደብሊውኤ በረራ 514። ቦይንግ 727 ነው። ወደ ዋሽንግተን ናሽናል ይሄድ ነበር፤ በነፋሱ ምክንያት ወደ ሌላው አየር ማረፊያ፣ ወደ ደለስ፣ እንዲዞር ተደረገ። ከደለስ 44 ማይል ርቆ ሳለ ለአፕሮቹ ተፈቀደለት። እስከየት ድረስ በምን ከፍታ እንደሚቆይ ግን አልተነገረውም።

ቻርቱ ላይ 1800 ጫማ የሚል ቁጥር ነበር። ያ ቁጥር ራውንድ ሂል የሚባለው ነጥብ ከታለፈ በኋላ፣ ወደ ፋይናል አፕሮች ፊክሱ እስኪደረስ ያለው ከፍታ ነው። ከራውንድ ሂል በፊት ያለው ቁጥር 3400 ነበር። ከኮክፒት የድምፅ መቅጃው እንደታወቀው ዋናው አብራሪ ይህን 3400 አይቶታል፤ ተናግሮበታልም። ተነጋገሩበት። ከዚያ «ከተፈቀደልን መውረድ እንችላለን» ወደሚለው አዘነበሉ። ወደ 1800 ወረዱ። ማውንት ዌዘር የሚባለው ተራራ ላይ ወደቁ። የነበሩት 92 ሰዎች በሙሉ ሞቱ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የሰጠው ምክንያት፣ ሠራተኞቹ 1800 ጫማ ወደሚሠራበት ክፍል ሳይደርሱ ወደዚያ ከፍታ መውረዳቸው ነው። የቦርዱ አባላት ራሳቸው ግን ሁሉም አልተስማሙም፤ የተቆጣጣሪውን አሠራር ዋና ያደረጉ ነበሩ። እኔ ለሁለተኞቹ አደላለሁ። አብራሪና ተቆጣጣሪ አንዱን ቃል በሁለት መንገድ ከተረዱት፣ ጥፋቱን አንዱ ወንበር ላይ ብቻ መከመር ይከብደኛል። ከዚያ አደጋ በኋላ ሥርዓቱ ጠበቀ። በቻርት ላይ ባልተሣለ መንገድ እየመጣን ለአፕሮች ከተፈቀደልን፣ በተሣለው ክፍል ላይ እስክንረጋ ድረስ የተሰጠንን ከፍታ እንጠብቃለን። ተቆጣጣሪውም ያንን ከፍታ ይነግረናል። ወደ መሬት መቅረብን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ በትልልቅ የአሜሪካ መንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ግዴታ የሆነውም ይህ አደጋ ካመጣው ግፊት በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ የያዝኩት፣ ከፍታ የቻርቱ ሳይሆን የክፍሉ ንብረት መሆኑን ነው። 1800 ትክክለኛ ቁጥር ነበር። ቦታው አልነበረም። ፊክስ ማለት ቁጥሮች ባለቤት የሚለዋወጡበት ድንበር ነው። ድንበሩን ከመሻገር በፊት የወዲያኛውን ወገን ቁጥር መጠቀም ምን እንደሚያመጣ እነዚያ 92 ሰዎች ከፍለውበታል።

ድንበሩ ሌላም ሥራ አለው። በኢካኦ ደንብ፣ የተነገረው እይታ ከወሰኑ በታች ከሆነ ወደ መጨረሻው ክፍል መግባት፣ ወይም ከአየር ማረፊያው በላይ ከ1000 ጫማ በታች መውረድ አይፈቀድም። ከገባን በኋላ እይታው ቢወርድ ግን እስከ መወሰኛው ከፍታ መቀጠል ይቻላል። ፊክሱ ከመድረሱ አንድ ሰከንድ በፊት «አይቻልም» የነበረው፣ አንድ ሰከንድ ቆይቶ «ይቻላል» ይሆናል። ግን ያቺን ሰከንድ ለመለየት ሬዲዮውን የሚሰማ ነፃ ጆሮ ያስፈልጋል።

ከካፒቴኑ ጋር የማልስማማበት

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ «ፊክሱ ላይ ምንም አይቅር» ወደሚል ሕግ መድረስ ቀላል ነበር። ካፒቴኑ ከዚያ ቀን በኋላ ሲያሠለጥኑ እንደዚያ ነው የሚሉት። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልተቀበልኩትም።

ትንሿን ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን እንውሰድ። በ90 ኖት ለጥ ብላ እየመጣች ፊክሱ ላይ ጎማዋን ብናወርድ፣ የሞተሩን ኃይል ብዙም ሳንነካ ራሷ ቁልቁል ትጀምራለች። ጎማው እዚህ የቀረ ሥራ አይደለም፤ መውረጃው ራሱ ነው። ከፊክሱ 3 ማይል በፊት ብናወርደው ኃይል መጨመር፣ ፊክሱ ላይ ደግሞ መልሶ መቀነስ ይመጣል። ሥራ ቀነስን ብለን ሥራ ጨመርን። ብዙ አሠልጣኞች ጎማውን እዚያ ላይ የሚያስወርዱት በስንፍና አይደለም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ትልቁ ጄት አለ። ትራፊክ በሚበዛባቸው አንዳንድ አየር ማረፊያዎች፣ ለምሳሌ በለንደን ሂትሮው፣ «እስከ 4 ማይል ድረስ 160 ኖት ጠብቅ» የሚል ትእዛዝ የተለመደ ነው። 4 ማይል ብዙውን ጊዜ ቁልቁለቱ ከተጀመረ በኋላ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ «ከፊክሱ በፊት ሁሉን ጨርስ» ማለት ከኋላ የሚመጡትን ሁሉ ማስቆም ነው። ቀድሞ የወረደ ጎማና ፍላፕ ነዳጅም ይበላል፣ ጫጫታም ያበዛል። ስለዚህ እዚያ የሚበሩት ሰዎች በር ያደረጉት ፊክሱን ሳይሆን 1000 ጫማን ነው። እዚያ ሲደርሱ ፍጥነቱ፣ ጎማው፣ ፍላፑ፣ የሞተር ኃይሉ ሁሉ በቦታው ካልሆነ ትተው ይወጣሉ።

ይህ ግን ባዶዋን ደቂቃ የበለጠ ውድ ያደርጋታል። በ3 ዲግሪ ቁልቁለት 1000 ጫማ ከማኮብኮቢያው ጫፍ 3 ማይል ገደማ ላይ ነው የሚገኘው። ከ4 ማይል እስከ እዚያ አንድ ማይል ናት። በ160 ኖት 22 ሰከንድ፤ ፍጥነቱ እየቀነሰ ስለሚሄድ ትንሽ ይረዝም ይሆናል። በዚያች ጊዜ ውስጥ ምን ይሠራል፣ ማን ይናገራል፣ የትኛው ፍላፕ በስንት ኖት ይወርዳል የሚለው ከላይ፣ ለጥ ባለው ቦታ ላይ፣ ካልተነጋገሩበት እዚያ ደርሶ አይገኝም። እኔ የምመርጠው ጎማውን ቀድሞ አውርዶ፣ ቼክሊስቱንም እስከ መጨረሻው መስመር አንብቦ፣ አንዲት ፍላፕ ብቻ ማስቀረት ነው።